እንደ ሂላ የቆመው ጉቶ

እጄን የጨበጠ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የትኛው ጋራዥ እንደምሠራ ነው። አልፈርድባቸውም። በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መካከል ያለው ቆዳ እንደ ጫማ ደርቋል፤ ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር ደግሞ በሳሙናም በሎሚም አይለቅም። ግራሶ ይመስላቸዋል። የተቃጠለ እንጨት ነው። አክስቶቼ ከጎንደር ሲመጡ ለዚህ እጅ ብለው ቅባት ይዘውልኝ ይመጣሉ። ተቀብዬ አመሰግናለሁ፤ ቅባቱን ግን የምቀባው እንጨቴን ነው። በእጄ አፍሬ አላውቅም፤ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር እኮራበታለሁ።

ሥራዬ እንጨት ነው። ቶርኖ ላይ አሽከረክረዋለሁ፣ በመሮ ቅርጽ አወጣለታለሁ፣ ከዚያ አቃጥለዋለሁ፣ ካቃጠልኩት በኋላ ቀለም እቀባዋለሁ። በከተማችን በገንዳ ውሃ ይህን ስናገር ሰው ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ያቋርጠኛል።

«ቆይ፣ ሠርተሽ ከጨረስሽ በኋላ ታቃጥይዋለሽ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

መልሱ ረጅም ስለሆነ «ደስ ስለሚለኝ» ብዬ አልፋለሁ። እዚህ የምጽፈው ረጅሙን መልስ ነው።

ጎንደር ቴክኒክና ሙያ የገባሁት ሌላ ነገር ልማር ነበር። አንድ ቀን በቶርኖው ክፍል በር ሳልፍ እንጨት እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየተጠቀለለ ሲላጥ አየሁና እዚያው ቀረሁ። የተማርኩት የአልጋ እግር፣ የጠረጴዛ እግርና የደረጃ መደገፊያ ማውጣት ነው። ተመርቄ ስመለስ እኛ ሰፈር የእንጨት ቶርኖ የሚባል ነገር አልነበረም። ከቤታችን ማዶ የትራክተር ጋራዥ አለ፤ እዚያ ያለው በያጅ የተጣለ የትራክተር ዘንግ፣ ኩሽኔታና ከወፍጮ ቤት የተረፈ ሞተር አገጣጥሞ፣ ቺንጊያ አጥልቆ ማሽን ሠራልኝ። መሮዎቼንም ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቀጠቀጠልኝ። መልኩ ቆንጆ አይደለም፤ ሲነሣ የቤቱን ቆርቆሮ ሁሉ ያስጨንቀዋል። እናቴ «የልጄ ማሽን ከትራክተር በላይ ይጮሃል፣ የሚያርሰው መሬት ግን የለውም» እያለች ለጎረቤት ታወራለች።

የአልጋ እግር ሲሰለቸኝ ለምንም የማይሆን ነገር መሥራት ጀመርኩ። ሆዱ ሰፋ ያለ፣ አንገቱ የጠበበ፣ አንዳንዴ አንድ ጎኑ ያበጠ። ያየው ሁሉ «ምን ይያዝበታል?» ይላል። ምንም አይያዝበትም። እህል አይሰፈርበት፣ ውሃ አይቀዳበት። አንዱን እናቴ ለዶሮዎቿ የውሃ ማጠጫ አደረገችው፤ ለሳምንት ያህል አኮረፍኳት።

ማቃጠሉን ያስተማረኝ የለም። ከጋራዡ የተጣለ የፍሪሲዮን ሽቦ ነበረኝ። ሁለቱን ጫፍ እንጨት ላይ አስሬ፣ የሚሽከረከረው ሥራ ላይ ወጠር አድርጌ ስይዘው ጢሱ ቀጭን ሆኖ ተነሣና ወገቡ ላይ ጥቁር መስመር ቀረ፤ በብዕር የተሰመረ ይመስል ጥርት ያለ። ያን ቀን የቀሩኝን እንጨቶች ሁሉ ሳሰምር ዋልኩ። ቀጥሎ መስመሩ አነሰኝና ብረት አግዬ ሙሉውን ማጥቆር ጀመርኩ። እሳት የእንጨቱን ለስላሳ ክፍል ይበላል፣ ጠንካራውን ይተዋል፤ በሽቦ ብሩሽ ሲቦረሽ የዛፉ የዕድሜ መስመር እንደ ትልም ብድግ ብድግ ብሎ ይወጣል። ቀለሙን የማገኘው ከዚያው ጋራዥ ነው፤ የትራክተር ቀለም፣ ጣሳው ሥር የቀረው። አቅጥኜ ቀብቼ ወዲያው በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ትልሙ ውስጥ የገባው ይቀራል፣ ላይ ላዩ ጥቁር እንደሆነ ይቆያል። ይህንን ሥራ ከየት እንዳየሁት የሚጠይቁኝ አሉ። ከየትም አላየሁትም። የራሴ ነው።

ማሽኔ የቆመው በአባቴ መጋዘን ጥግ ነው። አባቴ ወደዚህ ቆላ የመጡት ከጎጃም፣ ለሰሊጥ አጨዳ፣ የቀን ሠራተኛ ሆነው ነው። ቀሩ፣ አገቡ፣ በሽንፋ በኩል መሬት ያዙ፤ ዛሬ ከደጋ የሚመጡትን ሠራተኞች የሚቀጥሩት እሳቸው ናቸው። መጋዘኑ ክረምቱን ባዶ ይከርምና አዝመራ ሲገባ እስከ ጣሪያው በጆንያ ይሞላል። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቅምት ሲደርስ ማሽኔ ወደ ውጭ ይወጣና ሰሊጡ ተሸጦ እስኪያልቅ በረንዳ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። አባቴ ይህን እንደ ውለታ ነበር የሚያዩት። እኔም እንደዚያው።

አንድ ዓመት ግን፣ ክረምቱ መልካም ሆኖ ሰሊጡ ገና ከሩቅ ሲያስደስት፣ ጠርተው አስቀመጡኝ።

«ዘንድሮ መጋዘኑ አይበቃኝም» አሉ። «ያ ብረትሽ ከወጣ ተመልሶ አይገባም።»

«ምነው አባባ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽ። ብቻ ስትሠሪ የምትውይውን ነገር ሰው ሲጠይቀኝ መልስ የለኝም። የአልጋ እግር ከሆነ ይገባኛል። ይኼ ጥቁር ጥቁሩ ግን ምንድነው? የደህና ቤት ሰው ፈልጎት፣ ጎንደር ድረስ የሚወሰድ ነገር ከሠራሽበት እሺ፣ ማሽኑ ይቀመጥ፣ ጆንያውን ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ። ካልሆነ አዝመራ ሲገባ ለብረት ሰብሳቢ ይሰጣል።»

አባቴ ቀልድ አይችሉም። የተናገሩትንም አያጥፉም። እኔ ደግሞ የእሳቸው ልጅ ነኝና «እሺ» ብዬ ተነሣሁ። በሩን ዘግቼ ከወጣሁ በኋላ ግን በቀጥታ ወደ ማሽኔ ሄድኩ። ያን ማሽን ከማጣ እጄን ባጣ ይሻለኝ ነበር።

የምሠራበትን እንጨት ግን ቀድሜ አውቀዋለሁ። እኛ አገር ጉቶ የገበሬ ጠላት ነው፤ አፈር ውስጥ ተደብቆ የትራክተሩን ማረሻ ዲስክ ይሰብራል። በእርሻችን መሀል አንድ የዋንዛ ጉቶ ነበር። አባቴ በየዓመቱ ከዝናብ በፊት እላዩ ላይ ጭራሮ ከምረው ያቃጥሉታል፤ ዝናብ ሲጥል እሱ ደግሞ በሌላኛው ጎኑ ቅጠል ያወጣል። «ይኼ ጉቶ ከእኔ ጋር ነው የሚያረጀው» ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ዲስካቸውን ሰበረው። ከዚያ በኋላ ምሕረት አልነበረም፤ በሰንሰለት ታስሮ በትራክተር ከነሥሩ ተነቀለ። እንጨቱን ሊያነዱት ሲሉ ደርሼ ለመንኳቸው።

«ለማገዶ ከሆነ ውሰጂው» አሉኝ።

«ለማሽኔ ነው።»

«ሰይጣን ነው ይኼ። ማሽንሽንም ይሰብረዋል።»

አንዱ ጎኑ በአባቴ የዓመታት እሳት ከሰል ሆኗል፤ ሌላኛው ጎኑ ገና እርጥብ፣ ሕይወት ያለው ነው። እንዳይደርቅብኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ግቢያችን ካለው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። ክረምቱን ሙሉ ሳልፍ ሳገድም አየው ነበር፤ እንዴት እንደምጀምረው ፈርቼ።

የጀመርኩት መስከረም ላይ ነው። ያን የሚያህል ነገር ማሽኔ ላይ ተሰቅሎ አያውቅም። ሲነሣ ማሽኑ ከመሬቱ ሊነቀል ደረሰ፤ እግሩ ላይ የአፈር ጆንያ ጭኜ አስተኛሁት። እርጥቡ ጎን ሲላጥ ፊቴን በውሃ ይረጨኛል፣ ከሰሉ ጎን ሲመጣ ያጠቁረኛል። ከሰሉን ልጬ ላወጣው ስል እጄ ቆመ። ያ እሳት የአባቴ ነው። እኔ በጋለ ብረት ስፈልገው የኖርኩትን ጥቁር እሳቸው ሳያውቁ ዓመት በዓመት ሲሠሩልኝ ኖረዋል። ስለዚህ ያን ጎን አልነካሁትም፤ ቅርጹን በዙሪያው አዞርኩት። ሆዱን ሰፋ፣ አንገቱን ጠበብ፣ አፉን ደግሞ ወደ ላይ ሾጠጥ አደረግሁት። ውስጡን ፈልፍዬ ስጨርስ ደረቴ ላይ አቅፌው ቆምኩ። ከባድ ነበር፤ ግን የሚያምር ክብደት ነው።

ቀጥሎ የሠራሁት ስሕተት እዚህ ቆላ ያደገ ሰው ካልሆነ በቀር የሚሠራው አይመስለኝም።

እርጥብ እንጨት እንዴት እንደሚደርቅ አውቃለሁ። በጥላ፣ ቀስ ብሎ፣ በራሱ ፍቅፋቂ ተቀብሮ፣ አፉ ሰም ተቀብቶ። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ጊዜው የአጨዳ ነው። አብዛኛውን ቀን የምውለው እርሻ ላይ፣ ለሠራተኞቹ ምግብና ውሃ ሳመላልስ ነበር። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ በፀሐይ ይቆማል፤ ያንን ሂላ እንለዋለን። ሲደርቅ ፍሬውን የያዙት ትናንሽ ከረጢቶች ከጫፋቸው ይከፈታሉ፤ ካጋደሉት ሀብቱ ሁሉ አፈር ይሆናል። ስለዚህ አፉ ወደ ላይ እንደሆነ ይቆያል። ቀኑ ሲደርስ ሸራ ይነጠፋል፣ ነዶው ተዘቅዝቆ በዱላ መታ መታ ይደረግና ይራገፋል። በአንዴ አያልቅም፤ ከረጢቱ ያልተከፈተው አለ፣ ተመልሶ ይቆምና ለሁለተኛው መራገፍ ይጠበቃል። እስከዚያ የቆመን ሂላ ማንም አይነካም፤ ከብትም ሰውም። እዚህ ያደገ ልጅ ከመራመዱ በፊት የሚሰማው ቁጣ «ሂላውን አትንካ» የሚለው ነው።

እናም ከእርሻ እንደመጣሁ ጉቶውን ከማሽኑ አጠገብ አንሥቼ፣ ግቢው መሀል በርሜል ላይ፣ አፉን ወደ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አቆምኩትና ወደ እርሻ ተመለስኩ። ምንም አላሰብኩበትም። የሚደርቅ ነገር እንደዚያ ነው የሚቆመው። እጄ ነው ያስቀመጠው።

ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ግቢ ውስጥ አንድ ነገር ጧ ሲል ሰማሁ» አለች። «በርሜሉ መስሎኝ ነበር።»

ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ጣቴን እስኪያስገባ ድረስ። ከስንጥቁ ፊት ለፊት ደግሞ ሌላ ትንሽ ስንጥቅ ጀምሯል። ቁጣዬ ክፉ ነው፤ ያን ቀን ዶሮዎቹን ሰደብኩ፣ በርሜሉን ረገጥኩ፣ እናቴን ለምን ወደ ጥላ አላነሣሽውም ብዬ ጮህኩባት። እሷ ትታኝ ገባች። ጉቶውን አቅፌ ወደ ምድጃው ሄድኩ። አባቴ እንደፈለጉት ይንደድ፣ ማሽኑም ይሂድ ብዬ ቆርጫለሁ።

ምድጃው አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ የሰሊጥ ነዶ ተደግፎ ቆሟል። አባቴ መድረሱን ለማየት ከእርሻ ያመጡት ነው። በላዩ ላይ አጎንብሼ ሳልፍ አንዷ ከረጢት ዓይኔ ሥር ሆነች። ከጫፏ ተከፍታለች፤ ከአፏ እስከ ወገቧ፣ ፊት ለፊትም ሌላ ትንሽ ስንጥቅ። ውስጧ ነጭ ፍሬ ተደርድሯል። ወደ ጉቶው አየሁ። ወደ ከረጢቷ አየሁ። እንጨቱን እንደ ሰሊጥ ባደርቀው ጊዜ እንደ ሰሊጥ ተከፍቷል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ገብቼ እናቴን ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሥራ ያህል በሕይወቴ እርግጠኛ ሆኜ የሠራሁት የለም። ስንጥቁን አልደበቅሁትም፤ በሽብልቅ ትንሽ ጨምሬ ከፈትኩት። ከንፈሩ ትኩስ ቁስል እንዳይመስል በጋለ ብረት ዳርዳሩን አጠቆርኩት። ውስጡን ቀለም ቀባሁት፤ ነጭ ብቻ አይደለም፣ ሰሊጥ ነጭ ብቻ አይደለምና። ነጩ ላይ ጥቂት ቢጫ፣ ጥቂት የእርሻችንን አፈር እየጨመርኩ፣ መዳፌ ላይ ከያዝኩት ፍሬ ጋር እያስተያየሁ፣ አንድ እስኪሆንልኝ ድረስ። የአባቴን ከሰል ቦርሼ በሰሊጥ ዘይት አሸሁት። ወገቡ ላይ በፍሪሲዮን ሽቦ አንድ መስመር፤ ታች መቀመጫው ላይ ደግሞ የትራክተራችን ቀይ ቀለም፣ አፈር እንደበላው ያህል ተጠርጎ። ሲያልቅ ወደ ኋላ ሸሽቼ አየሁት። «ጎበዝ» አልኩ፣ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ። ማንም አልነበረም፤ ቢኖርም እለው ነበር።

ጥቅምት ገብቶ የመጀመሪያዎቹ ጆንያዎች መጋዘን መግባት ሲጀምሩ፣ ለጎንደር ሆቴሎች ዕቃ የሚያቀርብ አንድ ሰው መጣ። ስለ ሥራዬ የነገረችው አክስቴ ናት፤ ያችው ቅባት የምታመጣልኝ። ከመናኸሪያ በባጃጅ መጥቶ ላቡን እየጠረገ ገባ። አባቴ በሩ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ለምን እዚያ እንደተቀመጡ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ሰውየው ጉቶውን ሲያይ ላቡን መጥረጉን ተወ። ዙሪያውን ዞረው። ከሰሉን በጣቱ ጫፍ ነካ፣ ሽቦው ያሰመረውን መስመር ተከተለ። ደግ ሰው ነበር፤ ዓይኑም የሚያይ ነው።

«እህቴ፣ ይኼ በጣም ግሩም ሥራ ነው» አለ። «ለአንድ አዲስ ሆቴል መግቢያ፣ ልክ በሩ ላይ እንዲቀመጥ እወስደዋለሁ። ዛሬውኑ።»

አባቴን አላየኋቸውም። ጆሮዬ ግን ጆንያው ሲንኮሻኮሽ ሰማ፤ ቀና ብለዋል ማለት ነው።

«አንዲት ነገር ብቻ» አለ ሰውየው። «ይችን ስንጥቅ በስቱኮ ድፈኛትና ከላይ አጥቁሪያት። እንግዳ ሲገባ የተሰበረ ዕቃ አስቀመጡ እንዳይል።»

ስቱኮው ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ነው። ብደፍነው ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ እጨርሰዋለሁ። ማሽኔ ይቀራል፣ ጥጉ የእኔ ይሆናል፣ አባቴም ለሚጠይቃቸው ሰው መልስ ያገኛሉ። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ የስንጥቁን ከንፈር፣ ውስጡ ያለውን ያን የሰሊጥ መልክ አየሁ። ስቱኮው ውስጡን ሲሞላው ታየኝ።

«አልደፍነውም» አልኩ።

«ምን ችግር አለው? ትንሽ ሥራ እኮ ነው።»

«የሥራው ነገር አይደለም። አልተሰበረም። ደርሶ ነው የተከፈተ።»

ሰውየው ፈገግ አለ፤ የተናገርኩት የገባው አልመሰለኝም። እንደማልለወጥ ግን ገባው። ሐሳቤን ከቀየርኩ እንድደውልለት ነግሮኝ፣ አባቴን እጅ ነስቶ ወጣ። ባጃጁ ወደ ዋናው መንገድ ሲርቅ ድምፁን እስኪጠፋ አዳመጥኩት። አልተጸጸትኩም። ግን አልቅሼ ነበር፤ ጀርባዬን ለአባቴ ሰጥቼ።

ከዚያ ቃል ቃል ነውና ማሽኑን ለማውጣት ቺንጊያውን መፍታት ጀመርኩ።

«ተይው እስቲ» አሉ አባቴ። «ያን ነገር ወዲህ አምጪው።»

አቅፌ አምጥቼ እግራቸው ሥር አቆምኩላቸው። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ጠረጉት። መዳፋቸውን ገልብጠው ጥቁሩን አዩ።

«ይኼ የእኔ እሳት ነው» አሉ።

«አዎ አባባ። አንቱ ያቃጠሉት ጎን ነው። አልነካሁትም።»

«ያ ዲስኬን የሰበረው?»

«እሱ ነው።»

ጣታቸውን በስንጥቁ አስገብተው ውስጡን ዳበሱ። ከዚያ ቀና ብለው፣ በእርሻ ላይ ሠራተኛ በሚያዙበት ድምፅ፣

«ሸራ አንጥፊ» አሉኝ።

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከጆንያዎቹ ላይ ትንሽ ሸራ ጎትቼ ፊታቸው አነጠፍኩ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ጉቶውን እንደ ነዶ በሁለት ክንዳቸው አቅፈው አነሡት፣ ሸራው ላይ ዘቀዘቁት፣ ጀርባውንም በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ቀስ ብለው፣ ፍሬ እንዳይበተን እንደሚጠነቀቅ ሰው። ጥቂት የከሰል ብናኝና አንዲት የእንጨት ፍቅፋቂ ሸራው ላይ ወደቁ። አባቴ በሰሊጥ ቀልደው አያውቁም። ያን ጊዜም አልቀለዱም።

መልሰው አፉን ወደ ላይ አድርገው ማሽኔ አጠገብ አቆሙት። እንዳይወድቅ ነቅነቅ አድርገው አመቻቹት።

«ለሁለተኛው ይቁም» አሉ።

ውጭ ሠራተኞቹ ጆንያ ተሸክመው ወደ በሩ ደርሰዋል። አባቴ ወጡና በጎጃም አነጋገራቸው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«ያንን ጥግ እንዳትነኩ። ሂላ ቆሟል።»

ሠራተኞቹ ወደ ጥጉ አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያም ጆንያውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ወሰዱት። እኔም ቺንጊያውን መልሼ አጠለቅሁት።